የሲሬን ጋቢ ማን ሠራው?

አርሲ ሲባል ሰው ቶሎ የሚመጣለት ስንዴና ሯጭ ነው። ሁለቱም ይገቡናል፣ እንኮራባቸዋለን። ዛሬ ግን ማንም ስለማያነሳው ሙያ ትንሽ ላውራ። ስለ ሸማኔው።

የአርሲን ደጋ ብርድ የቀመሰ ሰው ጋቢ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ሽማግሌው ለእርቅ ሲቀመጥ ጋቢ ለብሶ ነው። ለቅሶ ቤት የሚታደረው በጋቢ ነው። ሕፃን ሲወለድ የሚጠቀለለው በጥጥ፣ ሰው ሲሞትም የሚገነዘው በጥጥ ነው፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። እና አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ሲሬ ያደጋችሁ ሁሉ፣ የቤታችሁን ጋቢ የሠራው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር? እኔ ራሴን ጠይቄ አፈርኩ። እናቴ ልቃቂቱን አስይዛ ስትልከኝ "ሸማኔው ጋ አድርስ" ነበር የምትለው። ስሙን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የአርሲ ደጋ ጥንት የከብትና የፈረስ አገር ነው። ከብት ባለበት ደግሞ ልብሱም ቆዳ ነው። በጨሌ ያጌጠው የአርሲ ሴቶች የቆዳ ልብስ ዛሬም በበዓል ቀን ይታያል። ጥጥ የቆላ ተክል ስለሆነ ደጋ ላይ አይበቅልም፤ በንግድ ነው የሚወጣው። በ1870ዎቹ የምኒልክ ጦር ከአርሲ ጋር ለዓመታት ከተዋጋ በኋላ ግዛቱ ለራስ ዳርጌ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ በየቦታው ከተማ ሲቆረቆር ጦሩን ተከትሎ ነጋዴውም የእጅ ባለሙያውም መጣ። ይህ ታሪክ በብዙ ደም የተጻፈ ነው፣ መሸፋፈን አያስፈልግም። ሸማኔው ግን የመጣው መሬት ተሰጥቶት አይደለም። መወርወሪያውን ይዞ ነው የመጣው። ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ቡሉኮውና ጋቢው የአርሲም ልብስ ሆነ፤ ፈረስ ላይ ያለ የአርሲ ሽማግሌን ያለ ቡሉኮ ማሰብ ይከብዳል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ብዙ ወጣት አያውቀውም። ጥጡ ከገበያ ይመጣል። ፍሬው ተዳምጦ ይወጣል። በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል። ባዘቶው አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ እንዝርት ነው፣ ለወራት። ቡና እየተፈላ ይፈተላል፣ ጎረቤት እየተጫወተ ይፈተላል፣ ማታ በኩራዝ ይፈተላል። ልቃቂቱ ሲበቃ ወደ ሸማኔው ይሄዳል። እሱ ድሩን ያደራል፤ ልጆቹ ማጉን ቀሰም ላይ ይጠቀልላሉ። ከዚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ መርገጫው ይሰዳል። እግሩ ድሩን ይከፍታል፣ እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፣ እንደገና ይረግጣል። ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ያ ሁሉ ርዝመት በአንድ ሰው እጅ፣ ክር በክር ነው የሚያልቀው። ጀርባ ይጎብጣል፣ ዓይን ይደክማል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። የምትፈትለው ሴት ባለሙያ ትባላለች። በድሮ ጊዜ የመኳንንት ሚስቶች ሳይቀሩ ይፈትሉ ነበር፣ ጥሩ ፈታይ መሆን ክብር ነበር። ያንኑ ክር ተቀብሎ የሚሠራው ወንድ ግን "ቁጢት በጣሽ" ይባላል፣ "ቡዳ" ይባላል። ክሩ አንድ ነው! በሴትየዋ እጅ እያለ ሙያ፣ በሸማኔው እጅ ሲገባ ነውር። ለምን? እኔ እንደሚገባኝ ነገሩ የጨርቅ ሳይሆን የመሬት ነው። ሴትየዋ የባለ ርስት ሚስት ናት፣ መፍተሏ በቤቷ ላይ ተጨማሪ ነው። እሱ ግን ርስት የለውም፣ የሚበላው ከእጁ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን መሬት የሌለው ሰው ሰው አልነበረም። ቡዳነቱ በኋላ የተለጠፈ ምክንያት ነው።

ይህ ስድብ አገር እንደሚጎዳ ቤተ መንግሥቱም ገብቶት ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያ እንዳይሰደብ አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው እየተሰደበ አገር ባለሙያ አልባ እንዳይሆን ነው ፍሬ ነገሩ። አዋጁ ጥሩ ነበር። ስድቡ ግን አዋጅ አይሰማም፤ በልጅነታችን እኛም ሰምተነዋል፣ አንዳንዶቻችን ብለነዋል።

ሰው ሲገፋህ ደግሞ እርስ በርስ ትያያዛለህ። ሸማኔዎች ጎን ለጎን የሚሰፍሩት፣ ከመካከላቸው የሚጋቡት፣ ሙያውን አባት ለልጅ የሚያወርሰው ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ከጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ፣ የመጡ ሸማኔዎች ጉለሌን የሙያ መንደር ያደረጉት በዚሁ መንገድ ነው። በገጠር ከተማም መልኩ ትንሽ ይሁን እንጂ ሥርዓቱ ያው ነው። እቁቡ ለጌጥ አይደለም፤ ከበዓል በፊት ክር መግዣ ነው። እድሩ የቀብር ብቻ አይደለም፤ የታመመ ሰው ድር ላይ የቀረ ሥራ ካለ ሌላው ይጨርስለታል፣ የሰው ልብስ ነዋ! የሸማኔው ዓመት ከገበሬው ዓመት ጋር የታሰረ ነው። እህል ሲገባ፣ ጥር ላይ ሰርግ ሲበዛ እንቅልፍ የለም። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ይረጥባል፣ ገበሬውም እጁ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ እቁብ ባይኖር ብዙ ቤት ጦሙን ያድር ነበር።

ከዚያ ሁለት ለውጥ መጣ። አንደኛው የፋብሪካ ክር ነው። ድሬዳዋ፣ አቃቂ፣ ባህር ዳር ፋብሪካ ቆመ። ሸማኔው ደንበኛ ልቃቂት እስኪያመጣለት መጠበቁ ቀረ፣ ገዝቶ ሠርቶ ለገበያ አወጣ። ለእሱ ነፃነት ነበር። ለፈታይዋ ግን አልነበረም፤ የእንዝርቷ ገቢ ቀስ በቀስ ጠፋ። ሁለተኛው 1967 ነው። መሬት የሕዝብ ሲሆን ያ የድሮው "ርስት የለሽ" የሚለው ስድብ መሠረቱ ተናደ። በ1969 ዓ.ም. ደግሞ የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት በአዋጅ ተቋቋመ፤ ባለሙያዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጁ። ክርም በማኅበር በኩል ይከፋፈል ጀመር። ጥቅሙ፣ ሸማኔ ማኅተም ያለው ማኅበር ኖረው፣ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ ተናገረ። ጉዳቱ፣ ክር በኮታ ሲሆን ኮታው የዘገየ ቀን እግር መርገጫ ላይ ሥራ ፈትቶ ይውላል። መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ማኅበር ፈረሰ። ከ1990 ወዲህ ደግሞ "ጥቃቅንና አነስተኛ" በሚል አዲስ ስም ሰው እንደገና ተደራጀ። ስሙ ይቀያየራል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ ክር በምን ዋጋ፣ ሥራው የት ይሸጣል?

እንዳናሳምረውም እፈራለሁ። በዚህ ሙያ ውስጥ የልጆች ጉልበት ተበዝብዟል። ከጋሞ እየተወሰዱ አዲስ አበባ ጉድጓድ አፍ ላይ ያደጉ፣ ትምህርት ቤት ያላዩ ልጆች አሉ። ያንን ሳናነሳ "ባህላችን" ብንል ውሸት ነው።

ዛሬስ? ከውጭ የሚመጣ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመ "የሐበሻ ልብስ" ገበያውን ሞልቶታል። በርካሽ ታገኘዋለህ። ሸማኔው ደግሞ የክር ዋጋ በየጊዜው እየናረበት ልጁን "አንተ ተማር እንጂ እዚህ አትቀመጥ" ይለዋል። አልፈርድበትም። ሲሰደብ የኖረ ሰው ለልጁ ሙያውን ባያወርስ ጥፋቱ የእኛ ነው።

"ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" እንላለን። ድሩን ያደራውን ሰው ግን አንጠራውም። እኔ አንድ ነገር ጀምሬያለሁ፣ እናንተም ጀምሩ። በዓል ሲመጣ አገር ቤት ስትገቡ ሳጥን ውስጥ ያለችውን የእናታችሁን ጋቢ አውጡና "ይህን ማን ነው የሠራው?" ብላችሁ ጠይቁ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ጉድጓዱ የት ሰፈር እንደነበረ ደብተር ላይ ጻፉ። በሕይወት ካለ ሂዱና ሰላም በሉት፣ በስሙ ጥሩት።

እናቴን ባለፈው ደውዬ ጠየቅኳት። ትንሽ ዝም አለችና ነገረችኝ። ስሙን ለማወቅ አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የጎደለኝ።