ጀማሪው ፎቶግራፍ አንሺና የካሜራው ደረጃ፦ ከታሪክ አንጻር

ፎቶግራፍ ማንሳት የጀመረ ወጣት ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ይዞ ወደ አስተማሪው ይመጣል። ያነሳቸው ፎቶግራፎች ደብዝዘውበታል፤ ወይም ጥርት ብለው ሳለ ሕይወት አጥተውበታል። በኤግዚቢሽን አዳራሽ ወይም በመጽሔት ያየው የሌላ ሰው ሥራ ግን ይናገራል። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሲለካ በቅድሚያ ዓይኑ የሚያርፈው በእጁ በያዘው መሣሪያ ላይ ነው። ስለዚህም «ከዚህ የተሻለ ካሜራ ያስፈልገኝ ይሆን?» ሲል ይጠይቃል።

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የገበያ ጥያቄ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለመረመረው ግን የጥበብ ጥያቄ ነው፤ ከዚያም አልፎ የኅብረተሰብ ጥያቄ ነው። መልሱ «አዎን» ከሆነ ፎቶግራፍ ውድ መሣሪያ ለመግዛት አቅም ያላቸው የጥቂት ሰዎች ሙያ ሆኖ ይቀራል። መልሱ በጭፍን «አያስፈልግም» ከሆነ ደግሞ መሣሪያ በጥበብ ዕድገት ውስጥ ያለውን ድርሻ መካድ ይሆናል። ከሁለቱ ጽንፎች ለመራቅ የጥበቡን ታሪክ መመልከት ይበጃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ከ50 ኪሎ ዕቃ እስከ አንድ ዶላር ሣጥን

የሉዊ ዳጌር የፎቶግራፍ ዘዴ ለዓለም በይፋ የተገለጸው በኦገስት 1839 በፓሪስ ነበር። በዚያው ዓመት ለሽያጭ የቀረበው ካሜራ ከነሙሉ ዕቃው 400 ፍራንክ ያወጣ ነበር፤ ክብደቱም ወደ 50 ኪሎ ይጠጋ ነበር። ይህን ገዝቶ፣ አሸክሞ፣ ኬሚካሉን ቀምሞ ለመሥራት ገንዘብም ጊዜም የተረፈው ሰው መሆን ይጠይቃል።

ይሁን እንጂ ከዚያ 4 ዓመት ቀደም ብሎ በ1835 ሄንሪ ፎክስ ታልቦት የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በመኖሪያ ቤቱ ዙሪያ በእጅ መዳፍ ላይ በሚያርፉ ትናንሽ የእንጨት ሣጥኖች ይሞክር ነበር። ሣጥኖቹ እዚህም እዚያም ተቀምጠው ያየቻቸው ባለቤቱ «የአይጥ ወጥመዶች» ብላ ትጠራቸው ነበር። ከእነዚህ ወጥመዶች በአንዱ የተነሳው የቤቱ መስኮት ምስል ከቴምብር እምብዛም አይበልጥም። ሆኖም የዳጌር ምስል አንድና ነጠላ ሆኖ ሲቀር፣ ከአንድ ነጋቲቭ ብዙ ቅጂ የማተሙ ዘዴ መሠረቱን ያገኘው ከታልቦት ሙከራዎች ነው። ፎቶግራፍ ወደ ጋዜጣው፣ ወደ መጽሐፉና ወደ እያንዳንዱ ቤት ግድግዳ ሊደርስ የቻለውም በዚሁ መንገድ ነው።

የዋጋው ግንብ የተናደው ቀስ በቀስ ነው። በ1888 የጆርጅ ኢስትማን ኩባንያ 100 ፎቶግራፍ የሚያነሳ ፊልም የተጫነበትን የመጀመሪያውን ኮዳክ ካሜራ በ25 ዶላር አቀረበ። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው የካርቶን ሣጥን ካሜራ በ1 ዶላር ወጣ፤ ፊልሙም 15 ሳንቲም ነበር። ብራውኒ ፎከስ የሚስተካከልበት ነገር አልነበረውም። ያነሺው ድርሻ በቂ ብርሃን መፈለግ፣ ተገቢውን ርቀት መጠበቅና ሣጥኑን ሳያነቃንቁ መያዝ ብቻ ነበር። ለልጆች ታስቦ የተሠራ ነውና የጥበብ ሰዎች በቁም ነገር አልቆጠሩትም።

በ1916 አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከወላጆቹ ጋር በካሊፎርኒያ ወደሚገኘው የዮሴሚቲ ሸለቆ ሲሄድ ይህንኑ የብራውኒ ሣጥን በስጦታ አገኘ። ልጁ ከጊዜ በኋላ በተራራና በደን ፎቶግራፎቹ ዓለም ያወቀው አንሰል አዳምስ ነው። ከዚያ ጉዞ መልስ ያደረገው ነገር ለጥያቄያችን ብዙ ያስተምራል። በሳን ፍራንሲስኮ ፊልም አጥቦ በሚያትም ሰው ዘንድ ተቀጥሮ የጨለማ ክፍልን ሥራ ተማረ። በኋላ ትልልቅ ካሜራዎችን በጀርባው ተሸክሞ ተራራ የወጣው ብርሃን በፊልም ላይ ምን እንደሚሠራ ለይቶ ካወቀ ወዲህ ነው።

የዶሮ ቤቱ ስቱዲዮ

ከአዳምስ ግማሽ ምዕተ ዓመት አስቀድሞ ይህንኑ ጥያቄ በሕይወቷ የመለሰች አንዲት ሴት ነበረች። ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1815 በካልካታ ተወለደች። በዲሴምበር 1863፣ በ48 ዓመቷ፣ በእንግሊዝ ዋይት ደሴት ፍሬሽዎተር በምትባል መንደር ስትኖር ልጅዋና አማቿ ብቸኝነቷን ታሳልፍበት ዘንድ አንድ ካሜራ ሰጧት። ትምህርት ቤት አልገባችም፤ በባለሙያ ሥር ሆናም ሙያውን አልቀሰመችም። የድንጋይ ከሰል ማከማቻውን ጨለማ ክፍል፣ ባለመስተዋቱን የዶሮ ቤት ደግሞ ስቱዲዮ አደረገችው።

የዘመኑ አሠራር እጅግ አድካሚ ነበር። የመስተዋቱን ሰሌዳ በኬሚካል መቀባት፣ ሳይደርቅ ማንሳት፣ አሁንም ሳይደርቅ በጨለማ ክፍል ማውጣትና በብዙ ውሃ ማጠብ ግድ ይል ነበር። ተነሺው ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። ካሜሮን በኋላ እንደጻፈችው፣ ስትጀምር ካሜራውን የት እንደምታቆም እንኳ አታውቅም ነበር። የመጀመሪያ ሥራዋን፣ የአንድ ገበሬ ምስል ነበር፣ ገና ባልደረቀው የመስተዋቱ ፊት ላይ በእጅዋ ዳብሳ አጠፋችው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1864፣ አኒ የተባለች ትንሽ ልጅ አነሳችና በሥራው ላይ የመጀመሪያዬ የተሳካ ሥራ ብላ ጻፈችበት። በዲሴምበርና በጃንዋሪ መካከል ካሜራው አልተለወጠም። የተለወጠው ብርሃኑን ያየችበት ዓይንና መስተዋቱን የያዘችበት እጅ ነው።

የፎቶግራፍ መጽሔቶች ግን ምሕረት አላደረጉላትም። ፎከሱ ላላ፣ ሰሌዳው ተጫረ፣ የጣት አሻራ ታየበት ብለው ነቀፏት። እርሷ በበኩሏ ሌንሱን ስታስተካክል ዓይኗ ውብ ሆኖ ካገኘው ቦታ ላይ እንደምታቆም፣ ሌሎች የሚሹትን ጥርት ያለ ፎከስ ለመድረስ ከዚያ እንደማታልፍ ገልጻለች። በ1865 ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው የለንደን ሙዚየም ሥራዎቿን ገዛ። ይህ ሁሉ የተደረገው በዚያው በስጦታ ባገኘችው በመጀመሪያው ካሜራ መሆኑን ልብ ይሏል።

በ1866 ካሜሮን ትልቅ ካሜራ ገዛች። የፊተኛው ወደ 28 በ23 ሳንቲሜትር የሚጠጋ የመስተዋት ሰሌዳ ሲይዝ አዲሱ ወደ 38 በ30 የሚጠጋ ያዘ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ የሰውን ፊት በተፈጥሮ መጠኑ ልክ አድርጋ ማንሳት ፈልጋለች፤ ያም በትንሹ ሰሌዳ ላይ አይቻልም። ነጋቲቭ አጉልቶ ማተም ባልተለመደበት በዚያ ዘመን የፎቶግራፉ መጠን የሰሌዳው መጠን ነበርና። የፊተኛው ካሜራ የት ላይ እንዳቆማት ለይታ ከተናገረች በኋላ የመጣ ግዢ ነው እንጂ ሥራዋ ስላልተሳካ የተፈለገ መፍትሔ አይደለም።

የመቅደላው ልጅ

ይህች ሴት በእኛም ታሪክ ውስጥ ስፍራ አላት። በኤፕሪል 1868 አጼ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሰውተው ምሽጉ በእንግሊዝ ጦር እጅ ሲወድቅ፣ ከጦሩ ጋር ካሜራ የያዘ የመሐንዲሶች ክፍል ነበር። ክፍሉ በዘመኑ መለኪያ የተሟላ ዕቃ የነበረው ሲሆን፣ ተግባሩም ለጦሩ ካርታ ማባዛትና የአገሩን አቀማመጥ ማንሳት ነበር። ከተራሮቹና ከሰፈሮቹ ብዙ ምስል ቀርቷል፤ ዛሬ ለታሪክ ምሁራን ያላቸው ጠቀሜታም ከፍተኛ ነው።

የንጉሡ ልጅ ዓለማየሁ ግን በዚያው ጉዞ እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅን በሞት አጥቶ፣ ኢትዮጵያውያን ባሻ ፈለቀ ይሉት በነበረው በካፒቴን ስፒዲ ጠባቂነት ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። በጁላይ 1868 በዋይት ደሴት ካሜሮን አነሳችው። ዕድሜው 7 ዓመት ነበር፤ እናቱ ከሞተች 2 ወር ገደማ ሆኗል።

ይህን ፎቶግራፍ ያየ ሰው ሁለት ነገር ያስተውላል። አንደኛው፣ ልጁ በማያውቀው አገር፣ በሌሎች ፈቃድ ካሜራ ፊት የተቀመጠ መሆኑን ነው። ፎቶግራፍ ማንሳት ሥልጣንም እንደሆነ፣ ካሜራው በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ እንደሚገባም ከዚህ እንማራለን። ሁለተኛው የልጁ ፊት ነው። የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺዎች ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክመው የአገሩን ተራሮች አነሱ፤ የመቅደላ ኀዘን በሰው ፊት ላይ የሚነበበው ግን ከ5 ዓመት በፊት ካሜራ ነክታ በማታውቅ ሴት ሥራ ውስጥ ነው። ዓለማየሁ በ1879 በ18 ዓመቱ በዚያው በእንግሊዝ አረፈ። ካሜሮንም የሞተችው በዚያው ዓመት ነው፤ በሲሎን።

የባማኮው አናጢ

«ካሜራው በማን እጅ ነው?» ለሚለው ጥያቄ ከአፍሪካ የተሰጠ አንድ ጥሩ መልስ ሴዱ ኬይታ ነው። ኬይታ በ1921 ገደማ በማሊ ባማኮ ተወልዶ የአናጢነትን ሙያ ከቤተሰቡ ተማረ። በ1935 አጎቱ ከሴኔጋል ጉዞ ሲመለስ አንድ ትንሽ ኮዳክ ካሜራ አመጣለት። ቤተሰቡንና ጎረቤቶቹን እያነሳ ጀመረ፤ የጨለማውን ክፍል ሥራ የአገሩ ሰው ከሆነው ፎቶግራፍ አንሺ ከሙንታጋ ዴምቤሌ ቀሰመ። ለዓመታት የአናጢ መጋዙንና ካሜራውን ጎን ለጎን ይዞ ኖረ።

በ1948 በቤተሰቡ ግቢ ስቱዲዮ ከፈተ። ያን ጊዜ የሚሠራበት ካሜራ 13 በ18 ሳንቲሜትር ነጋቲቭ የሚይዝ ባለመቆሚያ ካሜራ ነበር። ነጋቲቩን በቀጥታ በወረቀት ላይ አስተኝቶ ሲያትም ደንበኛው ይዞት የሚሄደው ፎቶግራፍ የነጋቲቩን ያህል ይሆንለታል፤ ማጉያ መሣሪያም አያሻውም። የሥራው ችግር ካሜራውን መረጠለት ማለት ነው። የቀረው ሁሉ ቀላል ነበር፤ ብርሃኑ የፀሐይ ብርሃን፣ የመጀመሪያው መጋረጃ የገዛ አልጋ ልብሱ። ፊልም ውድ በመሆኑ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ያነሳ ስለነበር፣ የተነሺውን እጅ፣ የአንገቱን ዘንበል ማለት፣ የቀሚሱን እጥፋት አስቀድሞ ማስተካከል ነበረበት።

በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ የባማኮ ሰዎች በእርሱ ፎቶግራፍ ውስጥ ራሳቸውን ሊያዩ እንደሚሹት፣ በክብር ተቀምጠው ይታያሉ። ማሊ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1962 የመንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ሥራዎቹም በ1990ዎቹ በኒውዮርክና በፓሪስ ለዕይታ በቅተዋል።

መሣሪያ ድርሻ የለውም ወይ?

ከላይ ያየነው ሁሉ መሣሪያ ዋጋ የለውም ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን አይገባም። በ1925 ላይካ የተባለው ትንሽ ካሜራ ለገበያ ባይቀርብ ኖሮ ፎቶግራፍ አንሺው በመንገድ ላይ ያለውን ሕይወት ሳይታወቅና ሳያቋርጥ ለመከተል በእጅጉ ይቸገር ነበር። በጨለመ አዳራሽ የሚካሄድ ቴአትርን፣ በሩቅ የሚበር ወፍን፣ በሩጫ ላይ ያለን አትሌት በቀላል ካሜራ ማንሳት እጅግ አዳጋች ነው። በእነዚህ ላይ «ዓይንህን አሠልጥን» ብሎ ወጣቱን መገሠጽ ችግሩን አይፈታለትም።

ልዩነቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ካሜሮን ከ2 ዓመት በላይ፣ ኬይታ ከ10 ዓመት በላይ በቀላል መሣሪያ ከሠሩ በኋላ ነው ወደ ሌላው የተሻገሩት፤ የተሻገሩትም የጎደላቸውን በስሙ ጠርተው ነው። ጎደሎውን በስሙ ያልጠራ ሰው የገዛው ካሜራ ግን ያንኑ የቆየ ስሕተት ይበልጥ ጥርት አድርጎ ያሳየዋል። ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዞረ ሰው በውድ ሌንስም ቢነሳ ዓይኑን ያጨፈግጋል፤ ከኋላው የቆመው ምሰሶም ከራሱ ላይ የበቀለ ይመስላል።

የዛሬው ጀማሪ ሁኔታ ደግሞ ከቀድሞው ይሻላል። በ1975 በኮዳክ ቤተ ሙከራ የተሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ 10 ሺህ ነጥብ ብቻ ያላትን አንዲት ጥቁርና ነጭ ምስል በቴፕ ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይወስድበት ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ስልክ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ነጥቦች ያሉትን ምስል በቅጽበት ይይዛል፤ የተነሳውንም ወዲያው ያሳያል። ኬይታ አንዲት ፊልም በጥንቃቄ ይቆጥብ ነበር፤ የዛሬው ወጣት የሚጎድለው ግን ያው ጥንቃቄ ነው፤ ሳያነሱ በፊት ቆም ብሎ ማየት።

ስለዚህ የትምህርት ቤት የፎቶግራፍ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ የባህል ማዕከል በጀት የምታዘጋጁ ኃላፊዎችና በሙያው የቀደማችሁ አርቲስቶች ይህን ታሪክ ብታስቡበት መልካም ነው። እንዳይበላሽ ተብሎ በቁም ሣጥን ውስጥ ከሚቆለፍ አንድ ውድ ካሜራ ይልቅ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ጥቂት ቀላል ካሜራዎች ብዙ ፎቶግራፍ አንሺ ያፈራሉ። ወጣቱ አንዲት መስኮት በጠዋት፣ በቀትርና በማታ ብርሃን ያንሳ፤ የአንድ ጎረቤቱን ፊት በአሥር ልዩ ልዩ ቀን ያንሳ፤ ያነሳውንም በጓደኞቹ ፊት ዘርግቶ ይተች፣ ይተችበት።

ይህን ካደረገ በኋላ ተመልሶ መጥቶ «የተሻለ ካሜራ ያስፈልገኛል» ቢል፣ አስተማሪው «ያለህ ካሜራ ምን ከለከለህ?» ብሎ ይጠይቀው። ወጣቱ ሳያመነታ «ይህን» ብሎ አንድ ነገር ካመለከተ ካሜራው ይፈለግለት፤ ገንዘቡም በከንቱ አይወጣም። መልሱ ዝምታ ከሆነ ግን በያዘው ካሜራ ወደዚያችው መስኮት ይመለስ።