ካሎሪ ለመቀነስ የታሸገ ምግብ ሠንጠረዥ እንዴት ይነበባል?

ብዙዎቻችን የታሸገ ምግብ ስንገዛ መጀመሪያ የምንፈልገው የሐላል ምልክቱን ነው። ቀጥለንም ጄላቲን ወይም የአሳማ ስብ እንዳይኖርበት የተሠራባቸውን ነገሮች ዝርዝር እናነባለን። ይህ መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ምግቡ ሐላል ስለሆነ ብቻ ክብደት አይጨምርም ማለት አይደለም። ካሎሪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው የቁጥር ሠንጠረዡንም ማንበብ ይኖርበታል። ዋና ዋና ነጥቦቹን እነሆ።

1. ከካሎሪው በፊት መጠኑን እንይ

የተጻፈው ካሎሪ ብዙ ጊዜ የሙሉ ፓኬቱ አይደለም። ለምሳሌ 150 ግራም በሚመዝን የብስኩት ፓኬት ላይ «በ30 ግራም 140 ካሎሪ» ቢል፣ ፓኬቱ ለ5 ጊዜ የታሰበ ነው። ከሻይ ጋር ሙሉውን ከጨረስነው የወሰድነው 700 ካሎሪ ይሆናል። «ምግብ ቀንሼ ሳለ ክብደቴ ለምን አልቀነሰም?» ብለን ተስፋ ከመቁረጣችን በፊት ይህችን መስመር እንመልከት።

2. ስናወዳድር በእኩል መጠን ይሁን

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ቁጥሩ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር ስለሚጻፍ ሁለት ምርቶችን ማወዳደር ቀላል ነው። በአሜሪካ ግን የሚጻፈው ለአንድ ጊዜ በተመደበው መጠን ስለሆነ ግራሙ እኩል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ኪሎ ጁልና ኪሎ ካሎሪ አብረው ከተጻፉ፣ በተለምዶ ካሎሪ የምንለው ኪሎ ካሎሪውን ነው።

3. ካሎሪው ከምን መጣ?

አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ስኳር ደግሞ 4። ይሁን እንጂ «ስብ የለውም» የተባለ ምርት ስኳር ሊበዛበት ይችላል። «ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ጭማቂም የፍሬው ስኳር አለው። በ100 ሚሊ ሊትር 10 ግራም ስኳር ያለው ጭማቂ ግማሽ ሊትር ከተጠጣ፣ ከስኳሩ ብቻ 200 ካሎሪ ይገኛል።

4. የመቶኛው ትርጉም

በአሜሪካ ሠንጠረዥ 5 በመቶና ከዚያ በታች ዝቅተኛ፣ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ማለት ነው። ለተጨመረ ስኳርና ለሶዲየም ዝቅተኛውን፣ ለፋይበር ከፍተኛውን እንምረጥ። ስሌቱ በቀን 2,000 ካሎሪ ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለሁሉም ሰው ልክ አይሆንም።

5. ሠንጠረዥ የሌለውን አንርሳ

ወጥ ውስጥ የምንጨምረው አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ለኢፍጧር የምንበላው አንድ ትልቅ የመጁል ተምርም ከ60 ካሎሪ በላይ ነው። ስለዚህ ዘይቱን በማንኪያ መለካት፣ ተምሩንም መቁጠር ይጠቅማል።

ማሳሰቢያ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናትና በተለይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ ምግብ መቀነስ የለባቸውም። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ቢቀነስ የደም ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል።