ከአለንጋ በኋላ ምን? የማበረታቻ ታሪክ በመማሪያ ክፍል



ንግግሬን በአንድ ትዝታ እጀምራለሁ። አንደኛ ደረጃ ስማር፣ ዓመቱ ሲዘጋ ሰንደቅ ዓላማው ሥር እንሰለፍ ነበር። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ስማቸው ተጠርቶ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸለማሉ፤ እኛ እናጨበጭባለን። አንድ ዓመት ከአርባ ሁለተኛ ተነሥቼ ሃያ ሰባተኛ ወጣሁ። ይህን ያየልኝ ግን አልነበረም። ኋላ ወጣት መምህር ስሆን፣ እኔም ሦስቱን ሸለምሁ፤ የቀሩትን በማስመሪያ መታሁ። ዛሬ የምናገረው ከዚህ ጸጸት ተነሥቼ ነው።

ብዙዎቻችን የጥንቱ ትምህርት አለንጋ ብቻ የነበረ ይመስለናል። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አለንጋ መኖሩ አይካድም። ሆኖም ፊደል የለየ ልጅ ወደ ንባብ፣ ከንባብም ወደ ዳዊት ይሻገር ነበር፤ ዳዊት ሲደግምም ወላጆቹ ይደግሱ ነበር። ይህ ክብር ሌላውን ለቀደመ ሳይሆን ከእርከኑ ለደረሰ ሁሉ የተሰጠ ነው። ዘግይቶ የደረሰም አይነፈገውም። ዘመናዊው ትምህርት ደረጃ ማውጣትን ሲያስለምድ ግን ክብሩ ለጥቂቶች ብቻ ሆነ።

በሌላው ዓለምም ጥያቄው በጥናት ተፈትሿል። አሜሪካዊው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ መልካም ውጤት ያስከተለ ድርጊት እንደሚደገም፣ ደስ የማያሰኝ ውጤት ያስከተለው እንደሚዳከም አስተማረ። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግን ቅጣት እንደ ሽልማት ኃይል እንደሌለው በመረዳት ሐሳቡን አሻሻለ። ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1953 እ.ኤ.አ. የልጁን የሒሳብ ክፍል ሲጎበኝ፣ ተማሪዎቹ መልሳቸው ትክክል መሆኑን ወዲያው አለማወቃቸው አሳሰበው። በ1968 እ.ኤ.አ. ማድሰን፣ ቤከርና ቶማስ ባሳተሙት ጥናት፣ የክፍል ደንብን መናገር ብቻውን እምብዛም ለውጥ አላመጣም፤ ለውጡ የታየው መምህራኑ ጥፋትን ችላ ብለው መልካም ጠባይን ሲያመሰግኑ ነው።

ይሁን እንጂ ሽልማትም ወሰን አለው። በ1973 እ.ኤ.አ. ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት ሥዕል መሣል የሚወዱ ሕፃናትን አጠኑ። ሽልማት አስቀድሞ የተነገራቸው ልጆች፣ በኋላ በገዛ ፈቃዳቸው የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ላይ ግን ይህ አልታየም። ስለዚህ ልጅ በራሱ የሚወደውን ነገር በዋጋ መግዛት ፍቅሩን ሊያሳጣው ይችላል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ሕጉ አለንጋውን ከመምህሩ እጅ ያወጣል፤ በምትኩ ምን እንደሚይዝ የማስተማር ኃላፊነት ግን የእኛ ነው። ባዶ እጁን የቀረ መምህር ወደ ስድብና ወደ ማሸማቀቅ ያዘነብላል።

እናንተ ነገ ክፍል የምትገቡ ተማሪዎቼ፣ «ጎበዝ» ማለት ብቻውን አይበቃም። «ትናንት የሳትኸውን ፊደል ዛሬ አስተካክለህ ጽፈሃል» በሉት፤ ምን እንዳደረገ ይወቅ። ልጁን ከጎረቤቱ ሳይሆን ከትናንቱ ጋር አወዳድሩት። ከአርባ ሁለተኛ ወደ ሃያ ሰባተኛ የመጣውንም እዩት።