አንኮበር ላይ የተቆረበው ሰርግ

ጓደኛችን ሰርጓን አንኮበር አፋፍ ላይ ልትደግስ ነው። ድንኳኑን ነፋስ ይወስደዋል፣ ሽማግሌዎቹ ዳገቱን አይወጡትም፣ ፎቶው ግን ያምራል እያልን ስንከራከር ሰነበትን። እዚያው ተራራ ላይ ምኒልክና ጣይቱ ሲጋቡ ግን ጭንቁ ሌላ ነበር።

ዘመኑ 1875 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ናቸው። ሁለቱም ከዚያ በፊት ትዳር አይተዋል። ምኒልክ ዓመታት አብረዋቸው ከኖሩት ከባፈና ጋር ተለያይተዋል፤ ጣይቱም ይህን ሳይሰሙ የሚቀሩ ሴት አይደሉም። በሰማንያ ቢሆን ነገ መፋታት አለ። እነሱ ግን የማይፈታውን ቁርባን መረጡ፤ ቦታው አንኮበር መድኃኔዓለም፣ ቀኑ ፋሲካ። (ለደጋሽ ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል? ሁዳዴን ሙሉ ሥጋና ቅቤ የናፈቀ እድምተኛ!)

ቁርባኑ የሸዋን ዙፋን ከጣይቱ የሰሜንና የየጁ ዘመዶች ጋርም አስተሳሰረ። ወንድማቸው ወሌም ኋላ ራስ ተባሉ። ልጅ አልወለዱም፤ ትዳሩ ግን ምኒልክ እስካረፉበት እስከ 1906 ዓ.ም. ዘለቀ።

ጓደኛችን ድንኳን ተከራይታለች። ቁርባን ይሁን ሰማንያ ግን ከልጁ ጋር ገና አልተነጋገሩም።