ደብዳቤው የት ገባ?

ፖስታ ቤት የገባ ደብዳቤ ባለቤቱ ሲታጣ «አልተገኘም» ተብሎበት ወደ ላኪው ይመለሳል። የሚያስከፋው መመለሱ ሳይሆን እንደ ወጣ መቅረቱ ነው። የኮምፒዩተር ደብዳቤም ሲጀመር ይህንኑ ወግ ይዞ ነበር የተነሣው።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1982 አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ጆን ፖስቴል ባወጣው ደንብ መሠረት ሁለት ማሽኖች ደብዳቤ ሲረካከቡ በቁጥር ይነጋገራሉ። ተቀባዩ 250 ካለ «ተረክቤያለሁ» ማለቱ ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ኀላፊነቱ የእርሱ ይሆናል፤ ወይ ለባለቤቱ ያደርሳል፣ ወይ አለመድረሱን ለላኪው ያስታውቃል። በ4 የሚጀምር ቁጥር «ለጊዜው አልተቻለም፣ ቆይተህ ሞክር»፣ በ5 የሚጀምር «አይሆንም፣ አትድከም» ነው። በ1989 የወጣው ማሟያ ደንብ ላኪው ማሽን ተስፋ ሳይቆርጥ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር አዘዘ። ቬትሴ ቬኔማ በ1998 ለሕዝብ ያበረከተው፣ ዛሬም በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ የሚሠራው ፖስትፊክስም ካልነኩት በቀር 5 ቀን ይታገሣል።

አንዲት ብልኀት ሁልጊዜ ታስቀኛለች። የ«አልደረሰም» ማስታወቂያው ራሱ የላኪው ቦታ ባዶ ነው። ስም ቢጻፍበት ኖሮ ሁለት ማሽኖች «አልደረሰም» እየተባባሉ እስከ ዕለተ ምጽአት በተመላለሱ ነበር!

ይህን ወግ ያፈረሰው ማንም ያልጠየቀው ማስታወቂያ ነው። በ1978 የአንድ ኮምፒዩተር ፋብሪካ የሽያጭ ሰው ለ400 ያህል ሰዎች አንድ ዐይነት ደብዳቤ ሲበትን ነገሩ እንደ ብልግና ብቻ ታየ። በኋላ ግን በታኞቹ የሌላ ሰው አድራሻ እየሰረቁ ይልኩ ጀመር፤ «አልደረሰም» የሚለው መልስም ምንም በማያውቀው ምስኪን ላይ ይወርድ ገባ። ስለዚህ ተቀባይ ማሽኖች 250 ብለው ከተረከቡ በኋላ ደብዳቤውን ድምፅ ሳያሰሙ መጣል ለመዱ። በ2008 የታደሰው ደንብ ይህ የሚደረገው እጅግ እርግጠኛ ሲኮን ብቻ ነው ይላል። ማን ሰምቶ?

አምና አንድ ወዳጄ በሚያስተዳድራት ትንሽ የሊኑክስ ማሽን በኩል ለአንድ መሥሪያ ቤት የሥራ ማመልከቻ ላክሁ። ሦስት ሳምንት ዝም ሲለኝ ወዳጄ የማሽኗን መዝገብ ገለጠ። 250 ይላል። ወረፋው ባዶ፣ የተመለሰም የለም። ጥቂት ሲመረምር የማሽኗ የኢንተርኔት ቁጥር በስም እንዳልተመዘገበ ደረሰበት፤ ስም የሌለውን ላኪ ብዙዎች ይጠረጥሩታል። ያንን አስተካከለ። እኔ ደግሞ ማመልከቻዬን በወረቀት አሳትሜ በእጄ ይዤ ሄድሁ።

ቀኑ ካለፈ 4 ቀን ሆኖት ነበር።