ገቺ ጉድለት፦ የአልጌን ነገር የሚፈታ ቃል

በእንግሊዝኛ «ሊሚቲንግ ፋክተር» የሚባለውን የሥነ ሕይወት ቃል በቀጥታ «ገዳቢ ምክንያት» ብሎ መተርጎም ይቻላል። ነገር ግን «ገዳቢ» ሲባል ከውጭ መጥቶ የሚከለክል ነገር ይመስላል፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ እጦት ነው። ስለዚህ «ገቺ ጉድለት» ብለው ይሻላል እላለሁ፦ ተክል ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ከፍላጎቱ አንጻር እጅግ ያነሰውና በዚያው ምክንያት እድገቱን የሚገታው ማለት ነው። ሐሳቡን ካርል ሽፕሬንግል የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1828 አቀረበው፤ በዓለም ያስፋፋው ግን ከ1840 ወዲህ ኬሚስቱ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው። ሁለተኛ በሬ ያጣ ገበሬ ማሳና ዘር ቢትረፈረፍለት ማረስ እንደማይችል ሁሉ፣ ፎስፈረስ ያጣ ተክልም ብርሃንና ናይትሮጅን ስለተጨመረለት አያድግም። በቤቱ አኳሪየም ውስጥ ተክል ለሚያሳድግ ሰው ይህ ቃል ከየትኛውም የአልጌ ማጥፊያ ፈሳሽ የበለጠ ይጠቅመዋል። በገንዳው ውስጥ አንድ ገቺ ጉድለት ምንጊዜም አለ፤ የባለቤቱ ሥራ የትኛው ይሁን የሚለውን መወሰን ነው። ብርሃን እንዲሆን ማድረግ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ብዙ ሰው መስታወቱ አረንጓዴ ሲለብስ ወዲያው የሚያስበው ሌላ ነው፦ አልጌ የመጣው ውኃው ውስጥ ንጥረ ምግብ ስለበዛ ነውና ማዳበሪያውን ማቆም። ይህ አስተሳሰብ ያለ መሠረት የተነሣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ በካናዳ ኦንታሪዮ «ሐይቅ 226» የተባለውን ሐይቅ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ወገን ካርቦንና ናይትሮጅን ብቻ፣ በሌላው ደግሞ በእነዚሁ ላይ ፎስፈረስ ጨመሩ። ፎስፈረስ የገባበት ወገን አረንጓዴ ሆነ፤ ሌላው ጥርት እንዳለ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1996 ፖል ሲርስና ኬቪን ኮንሊን የተባሉ የውኃ ተክል አልሚዎች ተመሳሳይ ሐሳብ ወደ አኳሪየም አመጡት፦ ለተክሎች ሌላውን ሁሉ አሟልቶ ፎስፌትን፣ ማለትም ፎስፈረስ ያለበትን ውህድ፣ ብቻ ማሳነስ፤ ተክሎቹ ያለችውን ጠራርገው ሲወስዱ አልጌው በረሃብ ያልቃል።

እዚህ ላይ ግን የሰውነት መጠን ይፈርዳል። የአልጌ ሕዋስ እጅግ ትንሽ ስለሆነ ከይዘቱ አንጻር ውኃ የሚነካው ገጹ ሰፊ ነው፤ በውኃው ውስጥ የቀረችውን ኢምንት ንጥረ ምግብ እንኳ ለቅሞ ይኖራል። ትልልቅ ቅጠል ያለው ተክል ይህን አይችልም። ረሃቡ በእሱ ይጀምራል፤ አሮጌ ቅጠሎቹ ይደክማሉ፣ ይበሰብሳሉ፣ የያዙትንም ወደ ውኃው ይለቃሉ፤ አልጌውም መጀመሪያ የሚያርፈው በእነዚያው ላይ ነው። ዓሣ ባለበት ገንዳ ደግሞ ምግቡና ኩሱ ፎስፈረስና ናይትሮጅን በየዕለቱ ስለሚጨምሩ አልጌን እስከ ረሃብ ማድረስ በተግባር አይቻልም። ቶም ባር የተባለው አሜሪካዊ የውኃ ተክል አልሚ በተክል በተሞሉ ገንዳዎች ፎስፌት ሆን ብሎ እየጨመረ አልጌ እንደማይከተል ሲያሳይ፣ ብዙዎቹ አልሚዎች የቀድሞውን ምክር ተዉት። የሐይቁ ሙከራ ታዲያ ሐሰት ነው ወይ? አይደለም። እዚያ በውኃው ላይ የሚንሳፈፈው ረቂቅ አልጌ ራሱ ዋናው አብቃይ ነበር፤ ገቺ ጉድለቱም ፎስፈረስ ነበር። በተክል የተሞላ ገንዳ ግን ሌላ ዓለም ነው፤ ከአንዱ የተገኘውን መልስ ለሌላው መስጠት ስሕተት ይሆናል።

ብርሃን ከሌሎቹ የሚለየው የሁሉንም ፍላጎት የሚያዝዘው እሱ በመሆኑ ነው። መብራት ሲጠነክር ተክሉ የሚፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ማዳበሪያም አብሮ ይጨምራል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ በ10 ሺህ እጥፍ ቀስ ብሎ ነው የሚሰራጨው፤ ስለዚህ ጠንካራ መብራት ባለበት ገንዳ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ነው። ተክሉ ቆሞ መብራቱ ሲቀጥል ትርፉን የሚወስደው አልጌ ነው። የጣና ሐይቁ እምቦጭ እንዲያ የሚያስቸግረው አንድም ከዚህ የካርቦን ጉድለት ነጻ ስለሆነ ነው፦ ቅጠሉ ከውኃ በላይ ሆኖ ካርቦኑን ከአየር ይወስዳል፣ ከሥሩ ላለውም ብርሃን ይነፍጋል። በቤት ገንዳ ልክ ጥቂት ተንሳፋፊ ተክል ይህንኑ ባሕርይ ለበጎ ይሠራበታል፤ ገንዳውን ሁሉ እንዳይሸፍነው በየጊዜው ከፊሉን ማንሣት ብቻ ነው።

ብርሃን ሲቀነስ ተክሉም አይጎዳም ወይ የሚል ይኖራል። ይዘገያል፤ መዘግየትና መራብ ግን አንድ አይደሉም። እንደ አኑቢያስ፣ ክሪፕቶኮሪንና ጃቫ ፈርን ያሉት ጥላ የለመዱ ናቸው፤ በደካማ መብራት ቀስ ብለው ጤነኛ ቅጠል ያወጣሉ። አልጌም በደብዛዛ ብርሃን መኖሩ እውነት ነው፤ ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ አልከራከርም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ግን በየሳምንቱ መስታወት መጥረግና ከፊሉን ውኃ መቀየር ይበቃዋል። መብራቱን በሰዓት መቆጣጠሪያ በቀን ለ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል መወሰን፣ ገንዳውንም ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ማራቅ ጥሩ ጅምር ነው፤ ማዳበሪያው ግን አይቋረጥ። ቀይና ፈጣን ተክሎችን የሚሻ ሰው ብርሃን መጨመሩ አይቀርም፤ ያን ጊዜ አስቀድሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በሊትር ወደ 30 ሚሊግራም ያድርስ፣ ማዳበሪያውን ያሳድግ፣ መብራቱን በመጨረሻ ከፍ ያድርግ። ዓሦቹ ወደ ውኃው ገጽ ወጥተው አየር ሲስቡ ካየ ጋዙን ወዲያው ይቀንስ፤ ሌሊትም ተክሎቹ ስለማይጠቀሙበት ይዝጋው።