በሰው ልክ የሚነፍስ አየር

በፍላጎት የሚመራ የአየር ማናፈሻ፣ ወደ ህንጻ የሚገባውን የውጭ አየር ውስጥ ባለው ሰው ብዛት ልክ የሚጨምርና የሚቀንስ አሠራር ነው። በተለመደው አሠራር የስብሰባ አዳራሽ ፋን የሚመረጠው አዳራሹ ጢም ብሎ ይሞላል ተብሎ ነው። ስለዚህ 10 ሰው ብቻ ቢቀመጥም ለ300 ሰው የሚበቃ አየር ይነፋል። ያ ሁሉ አየር በቺካጎ ክረምት መሞቅ፣ በዱባይ በጋ ደግሞ መቀዝቀዝና እርጥበቱ መውጣት አለበት፤ ትልቁ ወጪ ይኸው ነው።

ሰው መኖሩ የሚታወቀው በአብዛኛው በትንፋሹ ነው። ቁጭ ብሎ የሚሠራ አዋቂ በሰዓት ወደ 18 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የሙኒኩ ሐኪም ማክስ ፎን ፔተንኮፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህን ጋዝ የክፍል አየር መለኪያ አድርጎ 1,000 ፒፒኤምን (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 1,000ውን) እንደ ወሰን አቀረበ። ጋዙ በዚያ መጠን ሰው ስለሚጎዳ አልነበረም፤ የሰው ጠረን ምን ያህል እንደተጠራቀመ ስለሚያሳብቅ ነው።

ቴክኖሎጂው ተፈላጊ የሆነው ግን ቆይቶ ነው። ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) የነዳጅ ቀውስ በኋላ አሜሪካውያን ህንጻዎቻቸውን ጥርቅም አድርገው ዘጉ፤ ራስ ምታትና የዓይን ማቃጠል የሚያማርሩ ሠራተኞችም በዙ። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ መሐንዲሶች ማኅበር በ1989 ለአንድ ሰው የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የውጭ አየር በደቂቃ ከ5 ወደ 15 ኪዩቢክ ጫማ ከፍ አደረገ። ንጹሕ አየር ሲበዛ ወጪውም አብሮ ናረ፤ ባዶ ክፍል ማናፈስም እንደ ቅንጦት መታየት ጀመረ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሴንሰሩ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይለካል፤ መቆጣጠሪያው የውጭ አየር መግቢያውን መዝጊያ (ዳምፐር) ይከፍታል ወይም ያጠባል፤ የፍጥነት መቀየሪያ (ኢንቨርተር) የተገጠመለት ከሆነ የፋኑም ፍጥነት ይቀንሳል። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚፈጀው ኃይል በስሌት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። በተግባር ቁጠባው ከዚህ ያንሳል፣ ግን አይናቅም። ሰው ባይኖርም ምንጣፍ፣ ቀለምና የቤት ዕቃ ሽታ ስለሚለቁ፣ ክፍሉ በሥራ ሰዓት በአብዛኛው ጨርሶ አየር እንዲያጣ አይደረግም። የአሽሬ ደረጃ ለቢሮ በሰከንድ 2.5 ሊትር ለእያንዳንዱ ሰው፣ በተጨማሪም 0.3 ሊትር ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

በትልልቅ የሆቴል ማዕድ ቤቶች መለኪያው ሌላ ነው። ከምድጃው በላይ ካለው ጭስ መሳቢያ ጫፍ እስከ ጫፍ የብርሃን ጨረር ይዘረጋል፤ የጥብስ ጭስ ጨረሩን ሲጋርደው ፋኑ ያፈጥናል፣ ምግብ አብሳዩ ሲያርፍ ደግሞ ረገብ ይላል። በመኪና ማቆሚያ ምድር ቤቶች የሚለካው የጭስ ማውጫው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው።

በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ሁኔታው ተገለበጠ። የአሜሪካና የአውሮፓ ባለሙያ ማኅበራት አየር ቆጣቢው መቆጣጠሪያ ለጊዜው እንዲሰናከል መከሩ፤ የታመመ ሰው የሚያወጣውን ቫይረስ ይህ ሴንሰር አያውቀውምና።

የሥርዓቱ ደካማ ጎን ራሱ ሴንሰሩ ነው። ብዙዎቹ በየጥቂት ቀኑ ያገኙትን ዝቅተኛ ንባብ እንደ ውጭ አየር ወስደው ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ሌሊት ባዶ በሚሆን ቢሮ ይህ ያስኬዳል፤ ሌት ተቀን ሰው በማይለየው ሆስፒታል ግን ንባቡን ያዛባል። ከፍታም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለግፊቱ ያልተስተካከለ፣ ጋዙን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚለካ ሴንሰርም እውነተኛውን 1,000 ፒፒኤም ወደ 760 ገደማ አድርጎ ያነብባል። ሴንሰሩን የገጠመው ባለሙያ ከፍታውን መሣሪያው ውስጥ ሳያስገባ ከሄደ፣ አዳራሹ ታፍኖም ፋኑ በዝግታ መሽከርከሩን ይቀጥላል።